የእማማ ባሕር ዛፍ

በጓሯችን የነበረውን ባሕር ዛፍ የተከለችው አያቴ እማማ ናት፤ ይቆረጥ ያለችውም እሷው ናት። በተከላውና በቆረጣው መካከል አርባ ዓመት ያህል አልፏል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዛፉ አድጎ አድጎ፣ ከሽሮ ሜዳ አስፋልት ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው የቤታችን አድራሻ ሆኖ ነበር። እንግዳ ሲጠራ "ትልቁን ባሕር ዛፍ እያያችሁ ኑ" ይባላል፤ የጠፋብን እንግዳ አልነበረም። ሁለት ጎልማሶች እጃቸውን ዘርግተው ግንዱን ቢያቅፉት ጣታቸው አይገናኝም።

የተቆረጠው በ1990 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። የታላቅ እህቴ ሽምግልና አልቆ፣ ሰርጓ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆርጦላት ነበር። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ደጋሹ ሁሉ በዚያችው ወቅት ስለሚሻማ ማገዶ ይወደዳል። ክረምቱን ሙሉ ውኃ ጠጥቶ የከረመ እንጨት ደግሞ ቶሎ ተፈልጦ ፀሐይ ካልመታው ለጥር አይደርስም። ስለዚህ የማገዶው ነገር ገና መስቀል እንዳለፈ ቤት ውስጥ ተነሣ።

አባቴ ያሰበው መግዛት ነበር። ከእንጦጦ እየተሸከሙ በበራችን ከሚያልፉት ሴቶች በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየገዛን እናጠራቅማለን አለ። እማማ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና አለችና "የማንን ጀርባ ነው የምትገዛው?" አለችው።

"እማዬ፣ ሌላ ከየት ይመጣል?"

"ከጓሮ።"

አባቴ ዝም አለ። ቆይቶ "ይሄን የሚያህል ዛፍ ለአንድ ሰርግ?" አላት።

"ለጥላ ነው እንዴ የተከልኩት? እሳት እንዲሆን ነው የተከልኩት። የልጄ ልጅ ስትዳር ያልነደደ መቼ ሊነድ ነው?"

አባቴ እንዲቆረጥ ያልወደደበትን ምክንያት ሁላችንም እናውቅ ነበር። ዛፉ ሲተከል እሱ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር፤ በበጋ ከምንጭ በጣሳ ውኃ እየቀዳ ያጠጣው እሱ ነው። እማማ ደግሞ ዛፉን የምታይበት ዓይን ሌላ ነበር። የእሷን ዓይን ለመረዳት ወደ ኋላ፣ ወደ ተራራው መመለስ ያስፈልጋል።

እማማ ከቡልጋ አዲስ አበባ የገባችው ጣሊያን በወጣ ማግሥት ነው። ገና ልጅ እግር ናት። ባሏ፣ ማለት ወንዱ አያቴ፣ በዘበኝነት የሚያገኘው ደመወዝ ለቤት ኪራይና ለእህል እንኳ አይበቃም ነበርና እማማ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንጦጦ መውጣት ጀመረች። ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ ይነሣሉ። ብቻዋን የምትሄድ ሴት የለችም፤ ጅቡም አለ፣ ሰውም አለ። ከላይ ቅጠሉን ይጠርጋሉ፣ ጭራሮውን ይሰብራሉ፣ ያስራሉ። ዘበኛ ካገኛቸው ገመዳቸውን ይቀማል፤ ገመድ የተቀማች ሴት ያን ቀን ባዶ እጇን ትወርዳለች፣ ለማግሥቱም ገመድ መበደር አለባት።

የሚከብደው መንገዱ ነው ብዬ አስብ ነበር። እማማ ግን የሚከብደው መነሣቱ ነው ትለኝ ነበር። እስሩ መሬት ላይ ይጋደማል፤ ሴትየዋ ጀርባዋን ሰጥታው ትቀመጥና ገመዱን በትከሻዋና በደረቷ ላይ ታዞረዋለች። ከዚያ ሌላ ሴት ሁለት እጇን ይዛ ካልጎተተቻት አትነሣም። ከ30 ኪሎ የሚያልፍ እንጨት ጀርባ ላይ ታስሮ ራስን ችሎ ከመሬት መነሣት የሚባል ነገር የለም። በመንገድ ላይ ማረፍም እንደዚያው ነው። መሬት ላይ የተቀመጠች እንደገና የሚያነሣት ሰው ያስፈልጋታል። ስለዚህ እንጨት ተሸካሚ ስታርፍ እስከ ወገቧ ከፍ ያለ ነገር ትፈልጋለች፤ የግንብ ጫፍ፣ የድልድይ ጠርዝ፣ ቋጥኝ። ሸክሙን በዚያ ላይ ደገፍ አድርጋ ቆማ ትተነፍሳለች፤ ከዚያ ማንም ሳይረዳት ትቀጥላለች። እማማ ከእንጦጦ እስከ ገበያው ድረስ እንዲህ ያሉትን ማረፊያዎች አንድ በአንድ ታውቃቸው ነበር። እኔ በተወለድኩበት ዘመን ብዙዎቹ ፈርሰው ነበር፤ እሷ ግን መንገዱን ስትናገር አሁንም በእነሱ ነበር የምትቆጥረው።

ቀኝ ትከሻዋ ላይ፣ ከአንገቷ ወረድ ብሎ፣ ገመዱ ዓመታት የበላው ስርጉድ ያለ ቦታ ነበራት። ቆዳው ጠንክሮና ለስልሶ ያበራል። ልጅ ሳለሁ ፀጉሯን ስትሠራ እጄን ወስዳ ታስነካኝ ነበር። ያሳዝነኛል ብላ አልነበረም፤ ጠባሳ እንዴት እንደሚለሰልስ እንዳውቅ ይመስለኛል።

በ1940ዎቹ መጨረሻ እሷና ባሏ ይህቺን ቁራሽ መሬት ገዙ። ቤት ከመሥራታቸው በፊት እማማ በአጥሩ ጥግ የባሕር ዛፍ ችግኝ በመደዳ ተከለች። ሐሳቧ ግልጽ ነበር፤ ማገዶዋ ጓሮዋ ውስጥ ካደገ ተራራ መውጣቷ ይቀራል። ልጆቿም አይወጡም። የመደዳው ዛፎች ሲደርሱ ግማሾቹ የቤቱ ቋሚና ማገር ሆኑ፣ ግማሾቹ ምድጃ ገቡ። እሷም ገመዱን ሰቀለች። የቀረው አንዱ ብቻ ነው፤ ማእዘኑ ላይ በመሆኑ ለማንም ስላላስቸገረ ተረሳና አደገ። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ እኛ ያለን ያቺው አንድ ቤት ነበረችና ከነግቢዋ፣ ከነዛፏ ተረፈች።

የእማማ ስሌት የእሷ ብቻ አልነበረም። ከተማዋ ራሷ በዚሁ ስሌት ነው የቆመችው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ዙሪያዋን የነበረው ጽድና ወይራ የቤተ መንግሥቱንና የመኳንንቱን ግቢ፣ የሠራዊቱንም ምድጃ ሲመግብ ብዙ ሳይቆይ ተመናመነ። ማገዶ ከሩቅ መምጣት ጀመረ። ዐፄ ምኒልክ ደን ወዳለበት ወደ ምዕራብ ፊታቸውን አዙረው፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ዓለምን ዋና ከተማ ለማድረግ ሥራ አስጀመሩ፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ ኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ እስከ ዛሬ አለ። አዲስ አበባ ሳትለቀቅ ከቀረችባቸው ምክንያቶች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ፈጥኖ አደግ ዛፍ ነው። ዘሩ የገባው በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ያመጣው ሰው ስም ሲጠራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ምኒልክ ባሕር ዛፍ ለተተከለበት መሬት ግብር ምረው፣ ሰው እንዲተክል አበረታቱ። ሕዝቡም ተከለ። ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ሳይሞላ ከተማዋ ከሩቅ ስትታይ ጫካ ሆነች።

ጥላቻውም አብሮት ነው ያደገው። ውኃ ይመጥጣል፣ ምንጭ ያደርቃል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል አያስጠጋም ተባለ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከተተከለው ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ የሐር ትል በሚመገበው ዛፍ እንዲተካ ታዝዞ ነበር፤ ትእዛዙ ብዙም አልተፈጸመም። በዘመናችንም ክሱ አልቆመም። ክሱ እውነት የለውም አልልም። በኛ ጓሮ የእናቴ ጎመን ከባሕር ዛፉ ጎን እሺ ብሎ አያውቅም፤ ቅጠሉ ያረፈበት መሬት ሣር እንኳ ያበቅል የነበረው እያቅማማ ነው። ተዳፋት መሬት ላይ ከሥሩ ሌላ ነገር ስለማይበቅል ዝናብ አፈሩን ጠርጎ እንደሚወስደውም በእንጦጦ ዓይኔ አይቶታል። ግን ባሕር ዛፍ ይነቀል የሚል ሰው ሁሉ በአጠገቡ ሌላ ጥያቄ እንዲመልስ እፈልጋለሁ። ምጣዱ በምን ይሙቅ? ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ዛፉን መኮነን የሴቶችን ጀርባ ከሒሳብ ማውጣት ነው። መቶ ዓመት ሙሉ በዚህች ከተማ የተበላው እንጀራ ሁሉ ከሞላ ጎደል በዚህ ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ነው የበሰለው፤ ያን ቅጠል ደግሞ አንዲት ሴት ናት ያወረደችው።

ወደ ጥቅምቱ ልመለስ።

እንደዚህ ያለውን ግንድ በመጥረቢያ መጣል የቀድሞ ሰዎች ሥራ ነበር፤ የሁለት ሰው መጋዝም የሠፈሩ ሰው ያውቃል። አባቴ ግን በዙሪያው የቆርቆሮ ጣሪያ ስላለ ሥራውን የሚያውቅና የሞተር መጋዝ ያለው ሰው አስመጣ። ሰውየው ብርቱካንማና ነጭ ቀለም ያለው ስቲል መጋዝ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ፣ ረዳቱ ደግሞ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን በጀሪካን ይዞ መጡ። ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ብዙ ጊዜ ወሰደ። ዛፉን ሁለት ጊዜ ዞረው። በመጥረቢያው ጀርባ ግንዱን ከታች እስከ ደረቱ ድረስ እየመታ አዳመጠ፤ ውስጡ የበሰበሰ ግንድ ድምፁ ይለያል አለ። ከዚያ ራቅ ብሎ ቆሞ ጫፉ ወዴት እንደሚያዘነብል ተመለከተ። ዘንበል ያለው ወደ እትዬ ጣሪያ ነበር፤ እትዬ ማለት ከአጥራችን ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ናቸው።

"ወደ ጎመኑ ነው የምጥለው" አለ። "ግን የእርስዎ አጥር በዚህ በኩል መፍረስ አለበት" ብሎ እትዬን ተመለከተ። እትዬ መቀነታቸውን አጥብቀው "አጥር ምን ይሆናል? ነገ ይታጠራል" አሉና ራሳቸው ቆርቆሮውን መንቀል ጀመሩ።

በመጀመሪያ ረዳቱ ገመድ በወገቡ አስሮ ወጣ። ጎን ጎኑን ያሉትን ቅርንጫፎች እየመለመለ አወረደ፤ ጫፉ ጋ ሲደርስ የጭላት ጎጆ አገኘ። ጎጆው ወፎቹ ትተውት የሄዱት ነበር። በአንድ እጁ አቅፎ አወረደውና ለኛ ለልጆቹ ሰጠን። እስከ ዛሬ ከማስታውሳቸው ነገሮች አንዱ ነው። ከጭራሮው መሐል የተጠላለፈ ሽቦ፣ የፌስታል ቁራጭ፣ ብዙ የጨርቅ ብጣሽ፣ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ቤት የተለቀመ ባለ ቀለም የጥለት ክር ነበረው። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ወርቃማ። ጭላቷ ለጫጩቶቿ ያነጠፈችው በጥበብ ክር ነው። ሙሽራዋ እህቴ ከክሩ አንዱን መዝዛ ወሰደች።

ከዚያ ጠንካራ ገመድ ከግንዱ ላይኛው ክፍል ታሰረ። የሠፈሩ ጎረምሶች ወደ ጎመኑ መደብ ማዶ ራቅ ብለው ያዙት። ቆራጩ ሰንሰለቱን ጥርስ በጥርስ በክብ ሞረድ አሰለና ገመዱን ስቦ ሞተሩን አስነሣ።

ድምፁ ሠፈሩን ሞላው። ቆራጩ መጀመሪያ በመውደቂያው በኩል አፍ አወጣለት፤ ከታች አግድም፣ ከላይ ሰያፍ ቆርጦ እንደ ሐብሐብ ቁራጭ ያለ ሽብልቅ አወጣ። የግንዱ ውፍረት ከመጋዙ ርዝመት ስለሚበልጥ ከሁለቱም ጎን እየገባ ነበር የሚሠራው። ሰጋቱራው እርጥብ ነው፤ ሱሪውን፣ ጫማውን፣ የጎመኑን ቅጠል ሁሉ ሸፈነው። ሽታው በክረምት ጉንፋን ሲይዘን እናታችን በነጠላ ሸፍና የምታጥነን የቅጠል ሽታ ነበር፤ ያን ቀን ግን አየሩ ሁሉ በዚያ ሽታ ታጠነ።

ቀጥሎ በጀርባው በኩል ገባ። እዚህ ላይ ነው ሙያው። ጀርባውን የሚቆርጠው ከአፉ ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው፤ ሁለቱ ቁርጦች እንዲገናኙ ግን አይፈቅድም። በመካከላቸው ያልተነካ እንጨት ይተዋል። ዛፉ ሲወድቅ በዚያ ላይ ታጥፎ ነው የሚሄደው፤ ያ ከተቆረጠ ዛፉ ወዴት እንደሚዞር የሚያውቅ የለም። መጋዙ እየገባ ሲሄድ ግንዱ ወደ ኋላ ተኝቶ ሰንሰለቱን እንዳይነክስ ረዳቱ የብረት ሽብልቅ በመዶሻ ከኋላ ያስገባል። ይመታል፣ ይቆርጣል፣ ይመታል፣ ይቆርጣል።

በመሐል ሞተሩን አጠፋና ዞር አለ። "እማማ፣ ከዚያ ይነሡልኝ፤ ይራቁ" አላት። እማማ ዱካዋን አንሥታ ሁለት እርምጃ ራቀችና እንደገና ተቀመጠች። "ጉቶውን ከመሬት ዝቅ አድርገህ ቁረጥልኝ" አለችው። "ልጡን እንዳትገፈው። ውኃ እንዳያቁርም ትንሽ አጋድለው።"

"ይወድቅ መጀመሪያ፣ እማማ። ጉቶውን ከዚያ አስተካክልልዎታለሁ።"

ለመጨረሻ ጊዜ ሞተሩን አስነሣ። ብዙ አልቆየም። ከግንዱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጧ ጧ የሚል ድምፅ ወጣ፤ ቆራጩ መጋዙን መንጭቆ ወደ ጎን ሮጠና "ሳቡ!" አለ። ዛፉ ሲጀምር ቀስ ብሎ ነበር። ጫፉ ሰማዩ ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ ከዚያ መጣ። ሲያርፍ የቤታችን ቆርቆሮ ተንቀጫቀጨ፤ ጎረቤት ያለ ሕፃን አለቀሰ፤ ጎመን የሚባል ነገር አልቀረም። የእትዬ ጣሪያ አልተነካም። እትዬ እልል አሉ።

አባቴ ወደ ግንዱ ሄዶ መዳፉን ቁርጡ ላይ አደረገ። ውኃ ያዘለ ነጣ ያለ ቢጫ እንጨት ነበር፤ እጁ ረጠበ። ምንም አላለም። እማማ አየችው፤ እሷም ምንም አላለችውም።

ባሕር ዛፍ በእርጥቡ ካልተፈለጠ ኋላ መጥረቢያ ይጥላል፤ ስለዚህ ፈላጮቹ በማግሥቱ ገቡ። ያን ሌሊት ግን ግንዱ አላስተኛንም። ተቆርጦ የተጋደመው ጉማጅ ሁሉ በየተራ ይንቋቋ ነበር፤ ጠዋት ስናየው የእያንዳንዱ ጫፍ ከመሐሉ ወደ ዳር እንደ ኮከብ ተሰንጥቋል። ቆራጩን ስጠይቀው ዛፉ ቆሞ ሳለ ውጪው ይሳባል፣ ውስጡ ይጨመቃል፣ አንድ ላይ ተያይዘው ይኖራሉ፤ ሲቆረጥ የተሳበው ይለቀቃል አለኝ። ፈላጮቹ ደስ አላቸው፤ ስንጥቁ የሽብልቁን መግቢያ አዘጋጅቶ ሰጥቷቸዋል።

ክፍፍሉን ያደረገችው እማማ ናት። ገመድ የሳቡት ጎረምሶች ለየቤታቸው ቅርንጫፍ ወሰዱ። እትዬ አጥራቸው የፈረሰበት በመሆኑ ከፍልጡ ደህናው ክምር ተሰጣቸው። ከቀጨኔ የመጡ ሸክላ ሠሪ እናት ልጡንና ቅጠሉን በአህያ ጫኑ፤ ሸክላ ሲተኮስ ቅጠል ይፈጃል። ለሰርጉ ምጣድ ያመጡልን እሳቸው ነበሩና ዋጋው በዚያው ተቻቻለ። ሰጋቱራው እንኳ ለጎረቤት ከብት ማደሪያ ተወስዷል። የቀረው ፍልጥ አየር እንዲገባው እየተጠላለፈ በአጥሩ ርዝመት ተደረደረ። ኅዳርና ታኅሣሥ ፀሐዩም ብርዱም ሲያደርቀው ቆየ፤ ጥር ሲገባ ሁለቱን ሲያጋጩት ይጮኽ ጀመር።

እሳቱ የተለኮሰው ከሰርጉ ሳምንታት ቀድሞ ነው፤ ጠላ ጊዜ ይፈልጋል። ገብሱ ተቆልቶ አሻሮ ሆነ፣ እንኩሮው ተነኮረ፣ ጋኖቹ በወይራ ታጠኑ። ከዚያ የዕድሩ ሴቶች ከነድስታቸው ግቢያችንን ሞሉት። እሳትን የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደሚሠራ ያየሁት ያኔ ነው። ለምጣድ ወፍራም እንጨት አይሆንም፤ ምጣዱን አንድ ወገን ያሳርረዋል። እንጀራ የሚፈልገው ቶሎ ነድዶ ምጣዱን እኩል የሚዳስስ የቅጠልና የጭራሮ ነበልባል ነው። ለዶሮ ወጡ ሽንኩርት ግን ፍልጡ ነው የሚገባው፤ ሁለቱን ገፍቶ አንዱን አውጥቶ ቀስ እያለ ሙሉ ቀን የሚያበስል እሳት። እማማ ከምድጃ ወደ ምድጃ እየሄደች እንጨቱን በእግሯ ጫፍ ገፋ፣ ሳብ ታደርገው ነበር። ማንም ሴት "ተይው" አላለቻትም።

ጭሱንም አልረሳውም። እናቴ ከእነዚያ ቀናት በኋላ ዓይኗ እንደቀላ፣ ደረቷን እያፈናትና እያሳላት ከረመች። ስለ ድሮ ምድጃ የሚጻፈው ሁሉ ስለ ሽታውና ስለ ሙቀቱ ነው፤ የሚያበስሉት ሴቶች ሳንባ ውስጥ የገባውን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ይህን የምለው የማውቃትን ሳል አሁንም ስለምሰማት ነው። እናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛችው ከሰርጉ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነበር፤ ከቤታችን ዕቃ ሁሉ እንደዚያ ያስደሰታት የለም።

ከሰርጉ የተረፈውን ፍልጥ እማማ በላስቲክ አስሸፈነችው። ለማን እንደሆነ አልተናገረችም። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የእትዬ ባል አረፉ። ዝናቡ ወርዶ፣ ደረቅ እንጨት ከየትም ሊገኝ በማይችልበት ሰሞን የለቅሶው ድንኳን ቡናና ንፍሮ የተፈላው በዚያ ነው።

ጉቶው ከክረምቱ ጋር አቆጠቆጠ። እማማ እንዳዘዘችው ዝቅ ብሎ፣ ጋደል ብሎ ተቆርጦ ነበርና ልጡ ዙሪያውን ደህና ነበር። ብርማ ሰማያዊ ቀለም ያለው፣ ክብ ክብ ቅጠል የያዘ ቡቃያ እንደ ጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ወጣ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አባቴ ማጭዱን ይዞ ወጣና ስንቱን ላስቀር ብሎ ጠየቃት። ጠንካራ ሥር የያዙትን፣ ከነፋሱ አንጻር ያሉትን እየነካካች ሦስቱን አሳየችው፤ የቀረውን ጣለው። አባቴ ሦስቱን እንደገና ያሳድግ ገባ። ከዓመታት በኋላ ሁለቱን ቆርጦ ለወንድሜ ቤት ምሰሶ ሲያደርጋቸው እማማ በሕይወት አልነበረችም።

አንድ ነገር ቀርቷል። ከግንዱ ሥር የወጣው የመጨረሻው ጉማጅ በእባጭ የተሞላና ቃጫው የተጠማዘዘ ስለነበር ለሽብልቅም ለመጥረቢያም እምቢ አለ። ፈላጮቹ ሁለት ሽብልቅ አጣመሙበት። ቆራጩ በመጋዝ ልበታትነው ሲል እማማ ከለከለችው። አራት ሰው እያንከባለለ ወደ ውጪ በር እንዲያወጣው አደረገች። ከአጥሩ ውጪ፣ መንገዱ ዳር አቁመውት ቁመቱ ከወገቧ ጋር እስኪተካከል ከሥሩ ድንጋይ አስገባችለት። ዳሌዋን ደገፍ አድርጋ ለካችው፤ "ትንሽ ከፍ" አለች፤ ሌላ ድንጋይ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእንጦጦ የሚወርዱት ሴቶች በራችን ላይ ሲደርሱ ሸክማቸውን እዚያ ላይ እያስደገፉ ያርፉ ነበር። እናቴ ውኃ ታወጣላቸው ነበር። መቀመጥ ሳያስፈልጋቸው፣ የሚያነሣቸው ሰው ሳይጠብቁ ይቀጥሉ ነበር።

ጉማጁ ብዙ ክረምት ችሎ ቆየ። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ሠራተኞቹ አነሡት፤ ያኔም ከሥሩ በስብሶ ነበር። እናቴ ግንበኛ ጠርታ በቦታው በብሎኬትና በሲሚንቶ አሠራችው። ግንበኛው ለመቀመጫ መስሎት ዝቅ አድርጎ ሲጀምረው አስቆመችውና ዳሌዋን ወደ ግንቡ አስጠግታ "እስከዚህ" አለችው።